የሠርግ ጋቢ ላይ ስም ይጻፋል?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የእህቴ ልጅ በመጪው ጥር ታገባለች። ሙሽሮቹ ኑሯቸው ስዊድን ነው፤ ሠርጉ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በቤተሰብ ሥራ ስንከፋፈል የጋቢው ነገር ለእኔ ደረሰ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፤ ፈትሉ የእናቴ ነውና። ዓይኗ ሳይደክም በፊት ፈትላ ያስቀመጠችው ልቃቂት አንድ ትልቅ ሙዳይ ሞልቷል። ያኔ ለማን እንደሚሆን አታውቅም ነበር። አሁን ባለቤት አገኘ።

ያልተስማማነው ስሙ ላይ ነው። ወጣቶቹ የሙሽሮቹ ስምና የሠርጉ ቀን በወርቃማ ክር፣ በኮምፒውተር ጥልፍ፣ ጀርባው ላይ ጎላ ብሎ ይጻፍ ይላሉ። ፎቶ ላይ ያምራል ነው ምክንያታቸው። ያምር ይሆናል። ጋቢ ግን ለአንድ ቀን ፎቶ አይሠራም። ብርድ ሲመጣ ይደረባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይኬድበታል፣ አራስ ይጠየቅበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል፣ ልጅ ይታቀፍበታል። የሠርግ ቀን በወርቅ የተጻፈበት ጋቢ ለብሶ ለቅሶ ቤት መግባት ይከብዳል። እንዲህ ያለ ጋቢ መጨረሻው ሣጥን ነው። እናቴ ደግሞ ለሣጥን አልፈተለችም።

አቋሜን ልናገር። ጋቢውን የእነሱ የሚያደርገው የፈተለችው እጅ፣ የሸመነው እጅና ለእነሱ ተብሎ የታሰበው ጥለት ነው። ፊደል የግድ አይደለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ያሠራችሁ፣ የሸመናችሁ፣ የጠለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከዚህ በታች ያለውን በኋላ ነው የጨመርኩት። መልሱ በጣም በዛ፤ አዲስ የሚገባ ሰውም ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አሰባሰብኩት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የተቆጣችሁትንም ጭምር።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ ከደብረ ብርሃን የጻፈች እህት ናት። ሙሉ በሙሉ ትስማማለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ጋቢን ለጌጥ አያስቀምጥም ባይ ናት። ከእሷ ያገኘሁት ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በእነሱ ቤት የእያንዳንዱ ሰው ጋቢ ጠርዙ ላይ በተሰፋች አንዲት ባለቀለም ክር ይለያል። የአባቷ ሰማያዊ ነው፣ የወንድሟ ቀይ። ድንኳን ውስጥ ጋቢ ለጋቢ ሲደባለቅ ሁሉም ጠርዙን ገለጥ አድርጎ የራሱን ያወጣል። ለሌላ ሰው ምንም ነው፤ ለቤቱ ሰው ግን ከስም አያንስም። ይህን ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

መልስ 2

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ስለ ስሙ ምንም አላለም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ፈትሉ ለድር (በቁመት ለሚወጠረው) ነው ለማግ (በአግድም ለሚገባው) የሚለውን ነው። ድር ቀጭንና የከረረ መሆን አለበት። ሽመናው እስኪያልቅ ተወጥሮ ይቆያል፣ ይመታል፣ ይፈተጋል፤ የላላ ፈትል ይህን አይችልም። ማግ ላላና ለስለስ ቢል ችግር የለውም፤ እንዲያውም የጋቢው ሙቀት የሚመጣው ከእሱ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል እንደሆነ፣ ይህም የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ነገረኝ።

ሁለተኛው ምክሩ የጊዜ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር ጥር 11 ሲቃረብ ሸማኔ እጅ የለውም። የጥር ሠርግ ደግሞ በላዩ ይመጣበታል። ጾም ከመግባቱ በፊት ሁሉም መዳር ይፈልጋል። ጥቅምት ላይ ያልተሰጠ ሥራ በጥድፊያ ይሠራል፤ ጥድፊያው ጥለቱ ላይ ያስታውቃል።

ምክሩን ሰምቼ ልቃቂቶቹን ከእናቴ ጋር አወጣናቸው። ከእያንዳንዱ ጫፍ ስንዝር ያህል ክር ይዘን ሳብን። አንዳንዱ ጠንክሮ ይሳባል፤ ሲለቁት ራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይሸበለላል። እሱ ድር ይሆናል። ሌላው ትንሽ ሲሳብ ሳስቶ ይለያያል። እሱ ማግ ነው። እናቴ በጣቷ እየዳሰሰች ነው የለየችው፤ እኔ በዓይኔ ከማየው ትፈጥናለች። ለድር የሚሆነው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእሷ እንዲሆን ተስማማን። ከድሩ ፈትል የተገኘችው ጥቂቷ ለጥልፍና ለመጠገኛ ትቀመጣለች።

መልስ 3

ይህች እህት በትሕትና ተቃወመችኝ። ጨርቅ ላይ መጻፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ባይ ናት። የእናቶቻችንን ቤት አስታወሰችን። ትራስ ልብሱ ላይ ሁለት ወፍና መልካም ሌሊት የሚል ጥልፍ፤ ግድግዳው ላይ እግዚአብሔር ፍቅር ነው የሚል፤ ሶፋው ላይ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል። በእሷ ሰፈር ልጃገረድ ሁሉ ለትዳሯ ትራስ ልብስ ትጠልፍ ነበር፤ ስምም ይጠለፍ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኛም ቤት ወፎቹ ነበሩ። እኔ የምለየው ቦታውን ነው። ትራስ ልብስ ከመኝታ ቤት አይወጣም። ጋቢ አደባባይ ይውላል፤ ሐዘንም ደስታም አብሮ ይዞ ይዞራል።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ወጣት ይመስለኛል። ባጭሩ ነው የጻፈው። ስም ኩባያው ላይ፣ ስም ቲሸርቱ ላይ፣ ስም ኬኩ ላይ፤ አሁን ደግሞ ጋቢ ላይ መጣ ብሎ ተማሯል። ስማቸውን ካልጻፉ መጋባታቸውን የሚረሱት ይመስል ብሎ አከለበት። እዚህ ጋ ነው ውይይቱ መሞቅ የጀመረው።

አምስተኛዋ ለእሱ መለሰችለት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የእሷ የሠርግ ጋቢ ስም አለበት። ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ሲባል ፊቱን ያጠቁራል። አንድ ምሽት ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ሳለ ጥልፉን በጣቱ እየተከተለ የአባቱን ስም ፊደል በፊደል አነበበ። ማንም አላዘዘውም። ከዚያ የእናቱን ቀጠለ። እዚያ ቤት መጀመሪያ የተነበበው አማርኛ ጋቢ ላይ ያለው ነው። ከመጻፏ በፊት ያሰበችበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ወጣቱን አልሰደበችውም፣ ግን አለሳልሳም አላለፈችውም።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ውጭ አገር ለሚወለድ ልጅ ፊደል ያለበት ጨርቅ ቤት ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የእሷ ጥልፍ ጥግ ላይ ነው። ቁመቱም ከአውራ ጣት አይበልጥም።

መልስ 6

ዕድሜያቸውን በጥልፍ ያሳለፉ እናት ናቸው። የጻፉት ረጅም ነው፤ ከውይይቱ ሁሉ ለሥራ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ያነሱት የጨርቁን ጠባይ ነው። የእጅ ፈትል ሸማ ሳሳ ያለ ነው፤ ክሩም ወፈር ቀጠን ይላል። የኮምፒውተር ጥልፍ በትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ስፌት ይደራርባል። ሁለቱ ሲገናኙ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ በጥልፉ ዙሪያ ተጨማዶ ይቀራል፤ ቢተኩሱትም አይመለስም። የግድ በማሽን ካልሆነ የሚል ሰው ከስር ደጋፊ ጨርቅ ወይም ወረቀት ያስደርግ።

ቀጥሎ የእጥፉ ነገር አለ። ነጠላና ኩታ ሁለት እጥፍ ናቸው፣ ጋቢ አራት። አራቱን አንድ ላይ ቢወጉት በዚያ ቦታ ጋቢው ይደርቃል፤ ሲታጠብም እጥፎቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ስለዚህ ጥልፍ ካለ እጥፎቹ ከመያያዛቸው በፊት፣ የላይኛው ላይ ብቻ፣ በእጅ ይጠለፍ። የጥልፉ ጀርባም ውስጥ ገብቶ ይሸፈናል። ወርቃማውን ክር ጨርሶ አልወደዱትም። ቆዳ ይቧጭራል፣ ፈትል ይመዛል፣ ሲቆይ ይጠቁራል። ነጭ ጋቢ ላይ የጥጥ ጥልፍ ክር ይበቃል አሉ።

ከሁሉ በፊት ሸማው ይታጠብ ሲሉ አሳስበዋል። አዲስ ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ የተጠለፈ ጥልፍ እሱ ባለበት ሲቀር ጨርቁ ይሸሸዋል። ባለቀለሙን ክር ደግሞ አስቀድሞ መፈተን ነው። ቁራጩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ። ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ ያ ክር ለጋቢ አይሆንም። በረኪና እንዳይነካው፣ ጥላ ላይ እንዲሰጣም ጨምረዋል። እማማ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ሁሉ ለማያውቁት ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም።

መልስ 7 እና 8

የደብረ ብርሃኗ እህት ተመልሳ መጣች። ጥልፉ እንዲህ ካስቸገረ ስሙ ለምን ጥለቱ ውስጥ አብሮ አይሸመንም ብላ ጠየቀች። ሸማኔው መለሰላት። ይቻላል፣ ግን ፊደሉ ይመርጣል። ጥለት የሚሠራው የድሩን ክር በመቁጠር ነው። ስንት ክር እንደሚነሳ፣ በስንቱ መሃል ባለቀለሙ ማግ እንደሚያልፍ ሸማኔው በየረድፉ ይቆጥራል። በዚህ አሠራር መስቀል፣ ካሬ፣ የአልማዝ ቅርጽ፣ ደረጃ ደረጃ የሚሄድ መስመር ይወጣል። ክብ ነገር ግን ማዕዘን ይሆናል። እንደ ተ፣ በ፣ ገ ያሉት ደህና ናቸው፤ እንደ ወ፣ ቀ፣ ዐ ያሉት ሲሸመኑ ሌላ ነገር ይመስላሉ። ስም የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ ስሙን ካሬ ባለው ደብተር ላይ፣ አንዷን ካሬ ለተወሰነ ክር ቆጥሮ ይሳለው ብሎ መከረ። የሒሳብ ደብተር ይበቃል። የሚጠየቀው ዋጋም ከፍ እንደሚል ሳይደብቅ ነገራት።

ከመልስ 9 እስከ 14

እዚህ ጋ ውይይቱ መልኩን ቀየረ። ዘጠነኛው፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ፣ በፋብሪካ የታተመ ጥለት ያለው ጨርቅ በርካሽ ይገኝ የለም ወይ አለ። አሥረኛዋ ደግፋው የሸማኔዎችን ዋጋ አማረረች። አንድ ነጠላ ለማሠራት የተጠየቀችውን ገንዘብ ዘረፋ ነው ያለችው። ቃሉ ከባድ ነው።

አሥራ አንደኛው የሸማኔ ልጅ ነው፤ ተቆጥቶ ነው የጻፈው። ጥጡን በብረት መዳመጫ ድንጋይ ላይ ድምጥ አድርጎ ፍሬውን የሚያወጣው ማነው ብሎ ጀመረ። በደጋን የሚነድፈው፣ ባዘቶ የሚያደርገው፣ በእንዝርት የሚፈትለው፣ ድሩን የሚያደራው፣ ማጉን የሚጠቀልለው፣ ከዚያ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ እግሩ እስኪደነዝዝ መወርወሪያ የሚወረውረው ማነው አለ። ይህ ሁሉ እጅ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ዋጋ ያነሰ ሲከፈለው ዘራፊው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አባቱ የሸመነውን ጋቢ ለብሶ እንደማያውቅም ነገረን። ሁሉም ለገበያ ነበር።

ንግግሩ ሻካራ ነው፣ እኔ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። ስጦታ እየሰጠን ከሠራተኛው ላይ የምንቀንስ ከሆነ ስጦታው የማን ነው? ለዘጠነኛው ደግሞ ሌላ መልስ አለኝ። የታተመ ጨርቅ በችግር ጊዜ ይለበስ፣ ማንም ማንንም አይናቅ። ነገር ግን ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ያው ጥለት ለሺህ ሰው ታትሟል። እኔ የጠየቅሁት ለሁለት ሰዎች ስለሚሠራ ነገር ነው።

አሥራ ሁለተኛው ታሪክ ይወዳል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸውን አነሳ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፣ እኛ ግን ዛሬም የሸማኔን ድካም ስንመዝን እጃችን ይጠብቃል አለ።

አሥራ ሦስተኛዋ እሳት ይዛ መጣች። ሸማኔውን በቀጥታ ጠየቀችው፤ እሱ ዘንድ የሚሸምኑት ልጆች ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት ከትምህርት ተነጥለው ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ መኖራቸው የታወቀ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የሠርግ ጋቢ የሚያሠራ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ እንዳይሰጥ አሳሰበች። አጠያየቋ ግን ሰውየውን አስቀድሞ የፈረደበት ነበር።

ሸማኔው ተቀይሞ በአሥራ አራተኛው መልስ ተመለሰ። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከዶርዜ መጥቶ በዘመድ ቤት እንደሸመነ፣ የተማረውም በማታ እንደሆነ ጻፈ። ለዚያ ነው እሱ ዘንድ ትንሽ ልጅ የማይቀመጠው። የፈለገ መጥቶ ይይ አለ። ቀጥሎ ሴትየዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥያቄዋን ግን አልሳበችም። እኔም እንድትስበው አልፈልግም። ጥለት ከመምረጤ በፊት ማን እንደሚሸምን መጠየቅ የእኔ ግዴታ ነው። ሄጄ ጠይቄአለሁ፣ አይቼአለሁ፣ ሥራውንም ለእሱ ነው የምሰጠው።

ከመልስ 15 እስከ 18

ጨዋታው ከጋቢ ወጣ። ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራ እህት ማታ ማታ ክፍሏ ውስጥ በኪሮሽ የሕፃን ብርድ ልብስ ትሠራለች። ለእህቷ ልጅ ክርስትና ነው፤ ወንድ ስለሆነ በ40 ቀኑ መድረስ አለበት፣ የሚወስድ መንገደኛ ደግሞ እየፈለገች ነው። ለሕፃን ምን ዓይነት ክር ይሻላል ብላ ጠየቀች። የጥልፏ እናት ጥጥ እንድትይዝ መከሯት። በአንገት በኩል ረጅም ሪባን እንዳታደርግ፣ ቀዳዳውን ሰፊ እንዳታደርገው፣ ዘርፍ እንዳትሰቅልበት ነገሯት። የሕፃን ጣት ክር ውስጥ ይገባና ይታሰራል። ቁልፍም ቢቀር ይሻላል፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ላይ የልጁን ስም ትጠልፍ እንደሆነ ስትጠይቅ ደግሞ የክርስትና ስሙ ገና ስላልወጣ ቦታ እንድትተውለት መከሯት። ስሙ ሲወጣ እናቱ ትጨርሰዋለች። ይህ ምክር በጣም ነው ያስደሰተኝ።

ከወሎ የጻፈ ወንድም ደግሞ እነሱ ዘንድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን አቂቃ እንደሚደረግ፣ ጋቢ ግን ለኒካህም ለዒድም ለሽማግሌም እንደሚሰጥ ነገረን። ጋቢ የሁላችንም ነው ብሎ ጨረሰ። እውነቱን ነው።

መልስ 19

ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። የልጅ ልጃቸው ባር ሚጽቫ (አይሁድ ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚያከብሩት በዓል) ሲደርስ አያት ከድሮ ነጠላቸው ላይ ጥለቱን ቆርጠው ለልጁ የጣሊት (የጸሎት መደረቢያ) መያዣ ከረጢት ሰፉለት። ነጠላው አርጅቶ ነበር፣ ጥለቱ ግን ደህና ነበር። ልጁ ለስግድ በዓል ሲወጣም ያንኑ ይዞ ይሄዳል። የጻፈችው ልጃቸው አንድ ሐሳብ ጨመረችልኝ። ሸማኔው ከጋቢው አልፎ ትንሽ ትርፍ እንዲሸምን ንገሪው አለችኝ፤ ለሚወለደው ልጅ መታቀፊያ ከዚያው ፈትል ይገኛል። ይህንን ተቀብያለሁ። የፈትሉ መጠን የሚበቃ ከሆነ ይሸመናል።

ከመልስ 20 እስከ 22

ጥለቱ የባንዲራ ቀለም ይሁን፣ የትኛው ባንዲራ ይሁን በሚል ተነሳ። አልደግመውም። ሠርግ ነው የያዝነው ብዬ ለምኜ አስቆምኩት።

መልስ 23

አንድ አባት በጨዋ ቋንቋ ሁለት ነገር አስታወሱን። መስቀል ያለበት ጥለት የሚያሠራ ሰው ቦታውን ይጠንቀቅ፤ የሚቀመጡበትና መሬት የሚጎተት ጫፍ ላይ አይሁን። ሁለተኛው ለእኔ ክርክር ትልቅ ድጋፍ ሆነ። ሴቶች ለሐዘን ነጠላ ሲያዘቀዝቁ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት በኩል ይመጣል። አለባበስ ነው ሐዘኑን የሚናገረው። ጨርቁ ላይ ጎላ ያለ ጽሑፍ ካለ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት የሚነበበው የሠርጉ ቀን ይሆናል። ለጋቢም ቢሆን ሰው ሁሉ የሚያነበው ነገር ባይኖርበት ይመርጣሉ።

መልስ 24

አጭር ናት፣ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ሥራ ሰጠችው። ዘርፉን ለሸማኔው አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ቋጩት አለች። አሠራሩንም ጽፋለች። ከተረፈው የድር ጫፍ ሁለት ትንንሽ እፍኝ ክር ይያዛል። ሁለቱም ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ እስኪከር ይጠመዘዛሉ። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠመዘዙና ጫፋቸው ይቋጠራል። እርስ በርስ ስለሚተናነቁ አይፈቱም። ሚዜዎቹ፣ አክስቶቹ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ቢቋጩ ጋቢው ላይ የሁሉም እጅ ያርፋል። ስም በትልቁ ይጻፍ ሲሉ የነበሩት ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ቀን ቆርጠው ጠየቁኝ።

መልስ 25

ይህን አልጠበቅሁም። ሙሽራዋ ራሷ ናት። ውይይቱን ሰው ልኮላት ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። አክስቴ ብላ ጀምራ ወርቃማውን ጽሑፍ እሷም እንደማትፈልገው ነገረችኝ። ሲሉ ሰምታ ዝም ያለችው የሙሽራውን ቤተሰብ ላለማስቀየም ነው። ፊደል ከኖረ ግን የእሷና የባሏ ስም እንዳይሆን ለመነችኝ። የአያቷ ስም ይሁን፣ የፈተለችው እሷ ናት አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናት የጻፈችውን አንብባ፣ ስዊድን የሚወለዱት ልጆቿ መጀመሪያ የሚያነቡት አማርኛ የአያታቸው እናት ስም ቢሆን ደስ እንደሚላት ጻፈች።

መልስ 26

ይህ የእኔ ነው። የሙሽራዋን ሐሳብ ለእናቴ አነበብኩላት። ወዲያው እሺ አላለችም። እኔ ብቻዬን መቼ ሠራሁት አለች። ስሜን የምትጽፉ ከሆነ የሸማኔውንም ጻፉ፣ ካልሆነ ሁለታችንንም ተዉን ብላ ቆረጠች። ለሸማኔው ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና በሥራ ዘመኑ ስሙን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ፈቅዷል።

እንግዲህ የተወሰነው ይህ ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእናቴ ፈትል። ሸማው እንደተሸመነ ይታጠባል። እጥፎቹ ከመያያዛቸው በፊት የላይኛው ጥግ ላይ ሁለት ስም፣ የፈታይዋና የሸማኔው፣ ከአውራ ጣት ባልበለጠ ቁመት በእጅ ይጠለፋል። የጥልፉ ክር ከእናቴ የከረረ ፈትል በቀለም ተነክሮ የሚሠራ ነው። ማቅለሙን የጥልፏ እናት ሊሠሩልኝ ቃል ገብተዋል። ጠርዙ ላይ የደብረ ብርሃኗ እህት እንዳለችው ለሙሽራው አንድ ቀለም፣ ለሙሽራዋ አንድ ቀለም ክር ይሰፋል። ዘርፉን እቤት እንቋጫለን።

መልስ 27

ሸማኔው ነው። የጥለቱን ቀለም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካላወቀ ክሩን መግዛት እንደማይችል አሳሰበ። እውነቱን ነው፤ ያልተቋጨው እሱ ብቻ ነው። ሙሽራዋ ቀጠን ያለ፣ ጥቁር ሰማያዊ ብቻ ያለበት መስመር ትፈልጋለች። ስዊድን ካፖርት ላይ ስትደርበው እንዳይጮህባት ነው። እናቴ ደግሞ ቀይ የሌለበት የሠርግ ጋቢ አይታ አታውቅም፤ ሐዘን ያስመስለዋል ትላለች። ሁለቱን በአንድ ጥለት ያስማማ፣ ያሠራ ወይም የሸመነ ካለ 28ኛውን መልስ እየጠበቅሁ ነው። ፎቶ ካላችሁም አያይዙልኝ።